ራስ ሲታመም ጣት የሚሠራው ሥራ

አክስቴ ራሷን ሲያማት ነጠላዋን አጥፋ ግንባሯ ላይ ጥፍር አድርጋ ታስራለች። ቋጠሮውን ከኋላ ታደርገውና ወንበር ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች። ያኔ ቋጠሮው ማጅራቷ ላይ፣ የራስ ቅሏ ከሚያልቅበት ሥር ይገባል። ሽሮ ሜዳ ውስጥ 30 ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብላ ጥለት ስትገጣጥም የኖረች ሴት ናት። እኔ ነጠላውን ከልማድ ቆጥሬው ነበር። ስለ አኩፕሬዠር ማንበብ ስጀምር ግን መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የዚያ ቋጠሮ ቦታ ነው።

ቻይናውያን ያንን ሥፍራ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ከመሐሉ ግራና ቀኝ ያለውን ጎድጓዳ «ፌንግ ቺ» ይሉታል፣ የነፋስ ኩሬ ማለት ነው። ነፋስ በማጅራት ገብቶ ራስ ያሳምማል ብለው ስለሚያምኑ ነው ስሙን የሰጡት። እኛም «ንፋስ መታኝ» ብለን ማጅራታችንን እንጠቀልል የለ? አኩፕሬዠር ማለት በአኩፓንክቸር መርፌ የሚወጋባቸውን ነጥቦች በጣት መጫን ነው። ነጥቦቹ በዓለም ጤና ድርጅት አቆጣጠር 361 ናቸው። ለራስ ምታት ግን ሦስት አራቱን ማወቅ ይበቃል። ጥንታውያኑ በነጥቦቹ መካከል «ቺ» የሚባል የሕይወት ኃይል ይፈሳል ይላሉ። እኔ በበኩሌ ነገሩን ለመረዳት ወደ ቺ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ነርቮቻችን የሚያደርጉት በራሱ ያስደንቃል።

ሕፃን ጉልበቱን ሲመታ እናቱ ቶሎ ብላ ታሻሽለታለች፣ እሱም ዝም ይላል። ለምን? ወደ ሕብለ ሠረሠር የሚሄዱት ነርቮች ሁሉ ፍጥነታቸው እኩል አይደለም። የመነካትንና የመጫንን ስሜት የሚያደርሱት ወፍራሞቹ በሴኮንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይጓዛሉ። ሕመም ከሚያደርሱት ውስጥ በጣም ቀጫጭኖቹ፣ ያንን የማያቋርጥ ውቅራት የሚሸከሙት፣ በሴኮንድ ከ2 ሜትር አይዘሉም። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጽሑፍ ሕብለ ሠረሠር ውስጥ እንደ በር የሚያገለግል ቦታ አለ፣ የወፍራሞቹ መልእክት ሲበዛ በሩ በሕመሙ ላይ ገርበብ ይላል አሉ። ዝርዝሩ በኋላ ብዙ ተሻሽሏል፣ ዋናው ሐሳብ ግን እስካሁን ይሠራበታል።

ማጅራት ላይ ሌላም ነገር አለ። የግንባርንና የዓይን አካባቢን ስሜት የሚሰበስበው ትራይጀሚናል የሚባለው ነርቭ ነው። ከአንገት የላይኛዎቹ ሦስት የጀርባ አጥንቶች አካባቢ የሚነሱት ነርቮች ደግሞ የማጅራትንና የጭንቅላትን የኋላ ክፍል ስሜት ያመጣሉ። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት እዚያው በሕብለ ሠረሠሩ አናት ላይ፣ በጋራ ሕዋሳት ላይ ነው። አንጎል የሚሰማው ከእነዚያ ሕዋሳት የሚመጣውን ብቻ ስለሆነ መልእክቱ ከአንገት ይነሳ ከግንባር ለመለየት ይቸገራል። አክስቴ ቀኑን ሙሉ ስታቀረቅር ውላ አንገቷ ተገትሮ ሳለ «ዓይኔን ከኋላው ይዞኛል» የምትለው ለዚህ ነው። ጎረቤት ቤት የሚጮኸው ሕመም እኛ ቤት ይሰማል ማለት ነው። መንገዱ አንድ ከሆነ ደግሞ ማጅራት ሲላላ ግንባርም ሊቀለው ይችላል።

ሁለተኛው ታዋቂ ነጥብ ከራስ በጣም የራቀ ነው፦ እጅ ላይ። «ሄ ጉ» ይባላል። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አንድ ላይ ገጥመህ ስትይዝ በመካከላቸው የሚያብጠው ሥጋ ጫፍ ላይ ይገኛል። ጣቶቹን ካላላህ በኋላ በሌላው እጅህ አውራ ጣት ወደ ሌባ ጣት አጥንት አቅጣጫ ትጫነዋለህ። እጅ ተጭኖ ራስ እንዴት ይቀልለዋል? አንድ ቦታ ላይ ጠንከር ያለ ሕመም ሲሰማ አንጎል ከላይ ወደ ታች የሚያደነዝዝ ትእዛዝ ይልካል፣ ኢንዶርፊን የተባሉ የራሱን ማስታገሻዎችም ይለቃል። ስለዚህ ሄ ጉን ስትጫን ደንዘዝ የሚያደርግ፣ የሚቻል ሕመም ሊሰማህ ይገባል። መዳበስ ብቻ አይበቃም፣ ጥርስ እስኪያስነክስ መጨፍለቅም አያስፈልግም።

ለአክስቴ ያሳየኋት ቀን «አይ ልጄ፣ በጣት የሚሄድ በሽታማ አይደለም የኔ» አለችኝ። ሁለት አውራ ጣቶቿን ከጆሮዎቿ ጀርባ ካሉት አጥንቶች ተነስታ ወደ መሐል እንድታንሸራትት ነገርኳት። ወፍራሙ የማጅራት ጡንቻ ከመድረሱ በፊት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ስትደርስ «እህ!» ብላ ቆመች። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ትንሽ ደገፍ አደረገችና ወደ ላይ፣ ወደ ራስ ቅሉ ሥር ቀስ ብላ ተጫነች። ትንፋሿን በረጅሙ እያወጣች ሁለት ደቂቃ ያህል ያዘችው። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። እኔ እንደማስበው የጥቅሙ ግማሽ እዚያ ነው፦ ሁለት ደቂቃ የስፌት መኪናውን አቁማ፣ ቀና ብላ፣ ተነፈሰች።

ማስረጃውን አላጋንንም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኮክሬን ግምገማ በመርፌ የሚሰጠው ሕክምና ማይግሬን የሚመላለስበትን ድግግሞሽ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል፤ በትክክለኛው ነጥብ መውጋት በማስመሰያው ላይ ያለው ብልጫ ግን ትንሽ ነበር። በጣት ስለመጫን የተደረጉት ጥናቶች አነስተኛ ናቸው፣ ችግራቸውም ግልጽ ነው፦ ሰው ሳይጫኑት እንደተጫኑት አድርጎ ማታለል ከባድ ነው። በማስመሰያው ላይ ያለው ብልጫ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ነጥቧን በሚሊሜትር ስለማግኘት መጨነቅ አያሻም። የሚያመውን ጎድጓዳ ጣትህ ራሱ ያገኘዋል።

በይበልጥ የሚጠቅመው ራስን በሁለቱም ጎን እንደ ቀበቶ ለሚያጠብቀው፣ ከድካምና ከጭንቀት ለሚመጣው ራስ ምታት ነው። አንድ ጎን ይዞ የሚወቅረው፣ ብርሃን የሚያስጠላው፣ የሚያቅለሸልሸው ማይግሬን ሌላ ነው። ማይግሬን ሲበረታ የብዙ ሰው የራስ ቆዳ ማበጠሪያ እንኳን አይችልም፤ ያኔ ራስን መጫን ሊያባብስ ይችላል። ገና ሲጀማምር፣ ያውም እጅ ላይ መሞከር ይሻላል። ቡና ሳይጠጣ ለዋለ ሰው ደግሞ፣ ካፌይን ከቀረ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚነሳው ሕመም፣ ጣት ብዙም አያደርግለትም።

እኔ ይህን ነገር የምወድበት ትልቁ ምክንያት ክኒን ነው። ተራ የሕመም ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የሚወስድ ሰው፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ያማል፣ ይዋጣል፣ ይተዋል፣ ተመልሶ ያማል። አክስቴ ከቦርሳዋ ክኒን ተለይቷት አያውቅም ነበር።

ጣት የማይገባበትም አለ። በድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ ከባድ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ ፊት የሚያጣምም ወይም አንደበት የሚያስር፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የመጣ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ሕመም ወዲያው ሐኪም ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሆና ራሷን አጥብቆ የሚያማት፣ ዓይኗ የሚጭበረበርባት ወይም ፊትና እጇ የሚያብጥባት ሴት የደም ግፊቷን በዚያው ቀን ትለካ። ሄ ጉን ምጥ ሊያስነሳ ይችላል በሚል ነፍሰ ጡሮች እንዲተዉት ይመከራል፤ ጠንካራ ማስረጃ ባይኖረውም መተዉ ምንም አያስቀርም። አንገት በፊትና በጎን፣ የደም ሥሩ በሚመታበት፣ ፈጽሞ አይጫንም።

አክስቴ ሐኪሟ ክኒኑን ቀንሺ ካላት ወዲህ የወሰደችበትን ቀን የግድግዳ ካላንደሯ ላይ በእስክሪብቶ ትቀባለች። መጀመሪያ የቆጠርነው ወር 16 ምልክት ነበረው፣ ያለፈው ወር 7። የመኪናዋን ጠረጴዛም ከፍ አስደርገናል፣ በየሰዓቱ ተነስታ አንገቷን ታፍታታለች፣ ስለዚህ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ አልነግራችሁም። ነጠላዋን ዛሬም ታስራለች። ቋጠሮውን ከማሰሯ በፊት ግን ሁለት አውራ ጣቶቿ ጎድጓዳውን ፈልገው ይቆማሉ።