የሞተር ብስክሌትን መሪ በቤት ከፍ ስለ ማድረግ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለው ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ነፋስ ስልክ በቀድሞ ሰዎች አነጋገር ያለ ሽቦ ቃል የሚያስተላልፈው መሣሪያ ስም ነበረ። ሞተር ብስክሌት ግን በነፋስ የሚታዘዝ ዕቃ አይደለም። የነጂው እጅ ለሞተሩና ለፍሬኑ የሚሰጠው ትእዛዝ ከመሪው ተነሥቶ በሽቦና በቱቦ ይሄዳል፤ እነዚህም ፋብሪካው ለቀድሞው መሪ በለካላቸው ርዝመት የተቆረጡ ናቸው። እንግዲህ መሪውን አውጥቶ ከፍ ያለ መሪ ሊያገባ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ ሽቦው ሊሆን ይገባል።

ይህን ነገር በቤተሰብ ገጽ ላይ ማንሣታችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በጀሞና በለቡ፣ በመካኒሳና በሃና ማርያም ሞተር ብስክሌት የወጣት መጫወቻ ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤት እንጀራ ነው። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ብስክሌቶች በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ ከከለከለ ወዲህ፣ ፈቃድ አግኝቶ ዕቃና መልእክት የሚያደርስ ሰው ሞተሩን እንደ ርስት ይጠብቀዋል። ይህ ሰው ቁመቱ ረጅም እንደ ሆነ፣ ለአጭር ሰው በተሠራ መሪ ላይ ቀኑን ሙሉ ጎብጦ ሲውል ማታ ወገቡን ይዞ ይገባል። እመቤቲቱም ጀርባውን በቅቤ ማሸት የዘወትር ሥራ ይሆንባታል። ስለዚህ መሪውን ከፍ የማድረግ አሳብ ከችግር የተወለደ እንጂ ሁልጊዜ ከጌጥ የመጣ አይደለም።

ለጌጥ የሚሹትም አሉ። በ1969 እ.ኤ.አ. በወጣው ኢዚ ራይደር በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ የታየው፣ ቤን ሃርዲና ክሊፍ ቮስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን የደከሙበት ሞተር ብስክሌት መሪው እጅግ ከፍ ያለ ነበርና በየአገሩ ያለ ወጣት ቀናበት። ከቀኑት ብዙዎቹ ያላስተዋሉት ግን ያ ውብ ሞተር የፊት ፍሬን ያልነበረው መሆኑን ነው። ሰውና ከብት በማይታይበት ሰፊ ጎዳና ላይ ይህ ያስችል ይሆናል። በጅማ መንገድ ከመካኒሳ ወደ ጀሞ ሲሄዱ፣ ሚኒባሱ ተሳፋሪ አይቶ በድንገት በሚቆምበት ስፍራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነጂው ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ያዘነብላልና ሞተሩን የሚያቆመው ኀይል የሚበዛው በፊት ጎማ ላይ ነው። እዚያው በአሜሪካ እንኳ እጀታው ከነጂው ትከሻ ከፍ እንዳይል በሕግ የወሰኑ ግዛቶች አሉ። ይህን ልክ እኛም ብንይዘው መልካም ነው፤ ክንድ ከልብ በላይ ተሰቅሎ ሲውል ጣት ይደነዝዛል፣ የደነዘዘም ጣት ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል።

መሪውን ከመግዛት በፊት የድሮውን ቧንቧ ውፍረት መለካት ያስፈልጋል። በአነስተኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ላይ እጀታው የሚገባበት ስፍራ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በታላላቆቹ የአሜሪካ ሞተሮች ላይ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ልኩ ያልገጠመውን መሪ ቆርቆሮ ጠቅልሎ በማቀፊያው ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ የማይገባ ሥራ ነው። ለውኃ የተሠራ ቧንቧ አጉብጦና በይዶ መሪ ነው ማለትም እንደዚሁ ነው። ያ ቧንቧ የተሠራው ውኃ እንዲያሳልፍ እንጂ በጉድጓድ መንገድ ላይ የሰውን ክብደት እንዲሸከም አይደለም፤ ሲሰበርም አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። ወገቡን ለማቅናት ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚበቃው ሰው የቀድሞውን መሪ ሳይለውጥ ከማቀፊያው ሥር የሚገባ ማንሻ ብረት ቢገዛ ይሻለዋል። በእኛ አስተያየት አብዛኛው ሰው ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልገውም።

ረጅሙን መሪ የመረጠ ሰው አዲሱን ሽቦ በግምት አይግዛ። አንድ ጥቅል ሲባጎ ይዞ፣ አዲሱን መሪ ለጊዜው በስፍራው አስቀምጦ፣ ሲባጎውን ሽቦው በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ይዘርጋ፤ መሪውንም እስከ ጥጉ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም እስከ ጥጉ ወደ ግራ ያዙር። ሲባጎው ሳይወጠር የደረሰበት ርዝመት ለነዳጅ መስጫው፣ ለፍሪሲዮኑና ለፊት ፍሬኑ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍ። የመብራትና የጡሩምባ ሽቦ ማስረዘም ቢያስፈልግ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ብቻ አይበቃም፤ በደንብ ተበይዶ መሸፈን አለበት፤ አለዚያ የክረምቱ ዝናብ በመጣ ጊዜ መብራቱ በመንገድ ላይ ይጠፋል።

የፊት ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በዘይት የሚሠራ ከሆነ ቱቦውን መለወጥ የባለሙያ ሥራ ነው። አየር አንድ ጊዜ ከገባበት ማንሻው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ፍሬኑም አይዝም፤ አየሩንም አጥርቶ ማስወጣት ልምድ ይጠይቃል። ይህን ለጋራዥ መስጠት አያሳፍርም። በቤት የሚሠራው ሰው ግን የፍሬን ዘይት ቀለም የሚልጥ መሆኑን ዐውቆ ሳልባታዮውን በጨርቅ ይሸፍን፤ ቢፈስም ወዲያው በውኃ ይጠብ። የተረፈውን ዘይት በለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ ሕፃናት ላሉበት ቤት አደጋ ነው። ዘይቱ መርዝ ነውና በራሱ ዕቃ ተከድኖ ልጆች ከማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ዘይት ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ለሌላ ጊዜ አይጠቅምም።

የማቀፊያው ብሎኖች የሚጠብቁበት ልክ በፋብሪካው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ከልክ በላይ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል፣ ማላላትም መሪውን በጉዞ ላይ ያሽከረክረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ደረስን፤ ለዚህም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እመቤቶች የብረት ነገር ምን አገባን ሳይሉ እዚህ ላይ ቢረዱ ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ሞተሩ ከቤት ውጭ፣ ጢሱ በማይታፈንበት ስፍራ ይቁም፤ ማርሹን ነጻ አድርጎ በሚኒሞ ይነሣ። አንዱ መሪውን ቀስ ብሎ እስከ ጥጉ ሲያዞር ሌላው ጆሮውን ለሞተሩ፣ ዓይኑን ለሽቦዎቹ ይስጥ። ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ መጮህ ከጀመረ ሽቦው አጥሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሞተር በአደባባይ ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ ነጂው ሳያዘው በራሱ ይፈተለካል። ነዳጅ መስጫው ተጠምዝዞ ሲለቀቅ ወዲያው ሊመለስ፣ ፍሬኑም መሪው በየትኛውም ወገን ቢዞር በአንድ ዓይነት ሊይዝ ይገባል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራው አላለቀምና፣ ደንበኛ ዕቃውን ቢጠብቅም እንኳ፣ ሞተሩ ከግቢ አይውጣ።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግለታል። መሪውን የለወጠ ሰው ከመርማሪው ፊት ቀርቦ ከመከራከር ይልቅ ምርመራ ወደሚደረግበት ስፍራ አስቀድሞ ሄዶ ቢጠይቅ ይበጀዋል። የመጀመሪያው ጉዞ በማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለ ጊዜ፣ በዝግታ ይሁን። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ እንደ ገና ይታዩ፤ የድሮው መሪ ከነሽቦዎቹም በጨርቅ ተጠቅልሎ በቤት ይቀመጥ፤ ሞተሩ የተሸጠ እንደ ሆነ ገዢው ይጠይቀዋልና።