ያ ጉርምርምታ ከየት ገባ?

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የቫልቭ ሬዲዮ ያለው ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል ባትሪ ነበረው። አንዱ ባትሪ አሲድ የተሞላ፣ ከባድ፣ በየጊዜው ተሸክመው ቻርጅ የሚያስደርጉት ነው፤ ሥራው የቫልቩን ክር ማጋል ነው። ሌላው ከፍ ያለውን ቮልት ይሰጥና ሲደክም ይጣላል። ኮረንቲ ግን እዚያው ግድግዳው ላይ አለ። ለምን ከዚያ አይወሰድም? የሞከሩት ሰዎች የገጠማቸው አንድ ነው፤ ሬዲዮው ከዘፈኑም ከንግግሩም በላይ «እምምም» እያለ ያጉረመርማል።

ከፍተኛው ቮልት ያን ያህል አላስቸገረም። ሬክቲፋየር ኤሲውን ወደ ዲሲ ይለውጠዋል፣ ካፓሲተርና ቾክ ደግሞ የተረፈውን ሞገድ ያለሰልሱታል። ክሩ ግን ብዙ አምፔር ይፈልጋል፤ ያን ሁሉ በዘመኑ ካፓሲተር አጣርቶ መመገብ የሚሞከር አልነበረም። ስለዚህ ክሩን በቀጥታ በኤሲ አጋሉት፤ ጣጣው የመጣውም ከዚህ ነው። በእነዚያ ቫልቮች ኤሌክትሮን የሚለቀው ራሱ ክሩ ነው። ቫልቩ የሚያጎላው በግሪዱና በክሩ መካከል ያለውን የቮልት ልዩነት ስለሆነ፣ ክሩ ከኤሲው ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ያንንም እንደ ድምፅ ቆጥሮ ያጎላዋል።

ቶሮንቶ ላይ ችግሩ ይብስ ነበር። ከናያግራ የሚመጣው ኮረንቲ 25 ኸርዝ ብቻ ነው፤ ቀርፋፋ ሞገድን ለማጣራት 50 ኸርዝ ከሚጠይቀው እጥፍ ካፓሲተር ያስፈልጋል። በዚህች ከተማ የሚኖረው ወጣቱ ኤድዋርድ ሮጀርስ በ1924 አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ማካላ የሠራውን ቫልቭ አገኘ። ማካላ የሚያሞቀውንና ኤሌክትሮን የሚለቀውን ለያይቷቸዋል። ክሩ ካቶድ በሚባል ትንሽ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ያሞቃል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። እሳቱ ብልጭ ድርግም ቢል ምጣዱ ግለቱን ይዞ እንደሚቆይ፣ ካቶዱም ኤሲው ሲመላለስ ሙቀቱ አይናወጥም፤ ቮልቱም ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የማሞቂያው ሁለት ሽቦዎች የሚገቡት እንደ ሌሎቹ በቫልቩ እግር ሳይሆን በአናቱ በኩል ነው፤ ከግሪዱ እንዲርቁ።

ሮጀርስ የካናዳውን መብት ገዝቶ ቫልቩን አሻሻለና በ1925 ባትሪ የማይፈልግ ሬዲዮ ለገበያ አወጣ።

ጉዳዩ ግን በዚህ አላበቃም። ሬዲዮ ላይ የማይሰማ ጉርምርምታ የማይክሮፎን ፕሪአምፕ ላይ ጎልቶ ይሰማል። ማይክሮፎን የሚሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ ያ በመቶዎች እጥፍ ሲጎላ አብሮት የገባው ሁሉ ያድጋል። በ1949 በርሊን የወጣው የኖይማን ዩ 47 ማይክሮፎን የኮረንቲ ትራንስፎርመሩን ለብቻው ሳጥን ውስጥ አርቆ አስቀመጠው። ቪኤፍ14 የተባለው ቫልቩ ደግሞ ለማሞቂያ የሚፈልገው ቢበዛ 50 ሚሊአምፔር በመሆኑ፣ ማሞቂያውም ከዚያው ከተጣራው 105 ቮልት ዲሲ ተመገበ። በ1920ዎቹ የማይቻል የነበረው እዚህ ላይ ተቻለ።

ዛሬም ፕሪአምፕ ሲያጉረመርም ብዙ ሰው የሚሮጠው ካፓሲተር ለመደራረብ ነው፤ በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተሉን መሳት ነው። መጀመሪያ ያዳምጡ። እኛ ዘንድ ኮረንቲው 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ በደንብ ሳይጣራ ከሬክቲፋየሩ የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ 100 ኸርዝ ነው፤ ከማሞቂያ ሽቦ ወይም ከትራንስፎርመር የሚገባው ደግሞ ወፈር ያለው 50 ነው። የማሞቂያው ኮረንቲ ለአፍታ ቢቋረጥ ካቶዱ እንደጋለ ለጥቂት ሰከንዶች ይሠራል። ጉርምርምታው በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ጥፋቱ የማሞቂያው ነው፤ ሁለቱን ሽቦዎች አጥብቆ መግመድና ከግሪዱ ማራቅ፣ ካልበቃም በዲሲ መመገብ ነው። ካልጠፋ ያኔ ወደ ካፓሲተሮቹና ወደ መሬት ሽቦው አያያዝ ይሂዱ።

ለዚህ ሙከራ የሚሆነውን ማቋረጫ ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ አስቀድመው ይግጠሙ። ካፓሲተሮቹ ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚገድል ቮልት ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ አራግፈው በሜትር ሳይለኩ እጅዎን ፈጽሞ አያስገቡ።