ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሽልማትም ያለው ካርድ፦ ክሬዲቱን ለሚጠግን ሰው የቱ ይቅደም?

የሰፈራችን ባለሱቅ ደብተር አለው። ዱቤ የወሰደ ሰው ስሙ እዚያ ይሰፍራል፣ ሲከፍል ይሰረዛል። አሜሪካ ውስጥም የዚህ ደብተር ቢጤ አለ። ልዩነቱ ደብተሩን የሚይዙት ኢኪውፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት ትልልቅ ኩባንያዎች መሆናቸውና የከፈልነውም ቢሆን ቶሎ የማይሰረዝ መሆኑ ነው። የተጻፈው ሁሉ ተደምሮ ወደ አንድ ቁጥር ይቀየራል። በብዛት የሚሠራበት ቁጥር ፋይኮ ይባላል፤ ከ300 ጀምሮ 850 ላይ ያበቃል። ባንክ ብቻ ሳይሆን ቤት አከራይም ይህን መዝገብ ያያል።

በዚች አጭር ፅሁፍ ላነሳ የፈለግሁት ይህ ነጥብ የወደቀበት ሰው አዲስ ክሬዲት ካርድ ሲመርጥ ምን ማየት እንዳለበት ነው። እዚህ እኛ ኪስ ውስጥ ያለው የኤቲኤም ካርድ የራሳችንን ገንዘብ የሚያወጣ ስለሆነ ነገሩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ግን ከመካከላችን አሜሪካ ዘመድ የሌለው ስንቱ ነው? ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ታማ ሥራ ስታቋርጥ የካርድ ዕዳዋን ሦስት ወር ሳትከፍል ቀረች። አሁን ሥራ ጀምራለች፣ ዕዳውንም ጨርሳለች። ሆኖም ቤት ልትከራይ ስታመለክት ሁለት ቦታ መልሰዋታል። የካርድ ማስታወቂያ ግን በፖስታ መምጣቱን አላቆመም። “ሊሚቱ ከፍ ያለ፣ ሪዋርድም ያለው ልውሰድ ወይ?” ብላ ጠየቀችኝ። ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስላታል መሰለኝ።

መልሱን ለማግኘት ነጥቡ ከምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ከፋይኮ ነጥብ 35 በመቶው በጊዜ መክፈልን የሚመለከት ነው። ከ30 ቀን በላይ የዘገየ ክፍያ መዝገቡ ላይ እስከ 7 ዓመት ይቆያል፤ የአክስቴ ልጅ የ2023 ጥፋት እስከ 2030 አይጠፋም ማለት ነው። እያረጀ ሲሄድ ጉዳቱ እየቀነሰ ይመጣል እንጂ እሷ ልታፋጥነው አትችልም። በነገራችን ላይ እቁብ ላይ አሥር ዓመት አንድ ቀን ያላጎደለ ሰው ይህ ታማኝነቱ እዚያ ደብተር ላይ አይታይለትም። ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ሚሽን አሴት ፈንድ የእቁብ ዓይነት ብድር እያደራጀ የአባላቱን ክፍያ ለመዝጋቢዎቹ ያሳውቃል፤ ተራው የሰፈር እቁብ ግን ማንም አይመዘግበውም።

ቀጥሎ 30 በመቶው ያለብንን ዕዳ የሚመለከት ሲሆን፣ እዚህ ውስጥ ዋናው ነገር ዕዳው ከካርዱ ጣሪያ አንፃር ስንት እጅ ነው የሚለው ነው። የጣሪያ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጣሪያው 300 ዶላር የሆነ ካርድ ላይ የ150 ዶላር አስቤዛ ብንገዛ ግማሹን ተጠቀምን ይባላል። ጣሪያው 1000 ቢሆን ያው 150 ዶላር 15 በመቶ ብቻ ነው። ሰውየው አልተለወጠም፣ አስቤዛውም አልተለወጠም፤ ነጥቡ ግን ይለያያል። ብዙ ጊዜ ከ30 በመቶ በታች ይሁን ይባላል፣ ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ይሻላል። ደስ የሚለው፣ በብዛት በሚሠራባቸው የፋይኮ ስሪቶች ይሄኛው ክፍል ቂም አይዝም፤ በዚህ ወር ዕዳው ቢቀንስ በሚቀጥለው ሪፖርት ነጥቡ ይሻሻላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ጣሪያ መፈለግ ስስት አይደለም። ግን የሚጠቅመው ባዶውን ሲቀመጥ ነው። ጣሪያው ስለጨመረ ወጪውም ከጨመረ ምን ዋጋ አለው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው የቀን ጉዳይ አለ። አብዛኞቹ ባንኮች ለመዝጋቢዎቹ የሚያሳውቁት ሂሳቡ በተዘጋበት ቀን ያለውን ዕዳ ነው፤ የመክፈያው ቀን ደግሞ ቢያንስ ከ21 ቀን በኋላ ይመጣል። በመክፈያው ቀን ሙሉውን የከፈለ ሰው ወለድ አይቆጠርበትም፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ባለዕዳ ሆኖ ይታያል። ጣሪያው ዝቅተኛ የሆነበት ሰው ሂሳቡ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ቢከፍል ሌላ ካርድ ሳያወጣ ጥቅሙን ያገኛል።

ሽልማቱስ? ወጪ ከተደረገው 1.5 በመቶ የሚመልስ ካርድ ላይ በወር 200 ዶላር የሚያወጣ ሰው በዓመት የሚያገኘው 36 ዶላር ነው። ካርዱ 39 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ካለው እንግዲህ ሽልማቱን የሰጠው ሰውየው ራሱ ነው! ዕዳ ካደረ ደግሞ ይብሳል። ወለዱ በዓመት 24 በመቶ በሆነ ካርድ ላይ 1000 ዶላር ቢያድር በወር 20 ዶላር ገደማ ይቆጥራል፤ በዚያው 1000 ዶላር ግዢ የተገኘው ሽልማት ግን 15 ዶላር ነው። አንድ ወር አይሸፍንም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ማስታወቂያውን እንዴት እንደምናነበው ልናውቅ ይገባል። ሽልማቱ በትልልቅ ፊደል ከላይ ይጻፋል። ወለዱ፣ ዓመታዊ ክፍያውና ቅጣቱ የሚገኙት በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። ሰንጠረዡን ያስገደደው በ1988 የወጣ ሕግ ሲሆን፣ በወቅቱ የምክር ቤት አባል በነበሩት በቻርልስ ሹመር ስም “ሹመር ቦክስ” ይባላል። ከላይ ሳይሆን ከዚያ መጀመር ነው።

ነጥባቸው ለወደቀ ሰዎች ያለመያዣ የሚቀርቡ አንዳንድ ካርዶች ላይ ይህ ሰንጠረዥ ያስደነግጣል። በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያዎች ከጣሪያው 25 በመቶ እንዳይበልጡ ወስኗል። አንዳንዶቹ እዚያው ጠርዝ ላይ ይቆማሉ። ጣሪያው 300፣ ክፍያው 75 ከሆነ ሰውየው ገና ዳቦ ሳይገዛ ሩብ ዕዳ አለበት።

በእኔ አስተያየት የሚሻለው መያዣ የሚጠይቀው ካርድ ነው። ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር ጀምሮ ይያዛል፣ የተያዘው ያህል ጣሪያ ይሰጣል። ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው 1000 አስይዞ ማንንም ሳይለምን ጣሪያውን ራሱ ከፍ ማድረግ ይችላል። ዓመታዊ ክፍያ የሌላቸው፣ ትንሽ ሽልማትም ያላቸው አሉ። ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ለሦስቱም መዝጋቢዎች የሚያሳውቅና ዓመታዊ ክፍያ የሌለው መሆኑ፤ ከዚያ በጊዜ ለከፈለ ሰው መያዣውን መልሶ ወደ መደበኛ ካርድ የሚያሳድግ መሆኑ፤ ሽልማቱ መጨረሻ ላይ።

በፖስታ የመጣውን ሁሉ መሙላት ደግሞ አይሆንም። እያንዳንዱ ማመልከቻ መዝገቡ ላይ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ፋይኮም የአንዱን ዓመት ይቆጥረዋል። ብዙ ባንኮች ነጥብ በማይነካ ማጣሪያ ቀድመው ያሳያሉ፤ በዚያ መጀመር ይቻላል። ካርዱ ከተገኘ በኋላም ጣሪያ እንዲጨመር ሲጠየቅ አንዳንዱ ባንክ መዝገቡን እንደ አዲስ ማመልከቻ ይከፍታል፣ አንዳንዱ አይከፍትም። የትኛው እንደሆነ ስልክ ደውሎ ከጥያቄው በፊት መጠየቅ ነው።