የይለፍ ደብተሩና ፎቶግራፉ፤ በ«ሲዝዌ ባንሲ ሞቷል» ተውኔት ውስጥ የዘር መድልዎ ተምሳሌቶች

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተውኔት ሲሰጥ «ተምሳሌት» የሚለው ርእስ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በዝርዝር መልክ ነው። ተማሪው ርግብ ሰላምን፣ ጨለማ ድንቁርናን፣ መንገድ ሕይወትን ያመለክታል ብሎ በቃሉ ያጠናል፤ በፈተናም ጊዜ ያንኑ ይመልሳል። ይህ አቀራረብ ለግጥም ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ለመድረክ ሥራ ግን አይበጅም። በመድረክ ላይ ያለ ዕቃ አስቀድሞ ዕቃ ነው፤ ተዋናዩ ያነሣዋል፣ ይደብቀዋል፣ ይጥለዋል። ተምሳሌት የሚሆነውም በድርጊቱ ውስጥ ሥራ ስለሚሠራ ነው። ይህን ለመረዳት የዘር መድልዎን ጭብጥ ካደረጉት ተውኔቶች መካከል በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀውን «ሲዝዌ ባንሲ ሞቷል» የተባለውን መመልከት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተውኔቱን ነጩ ጸሐፌ ተውኔት አቶል ፉጋርድ ከሁለቱ ጥቁር ተዋንያን ከጆን ካኒና ከዊንስተን ንትሾና ጋር በኅብረት ያዘጋጀው ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1972 በኬፕ ታውን ከተማ «ዘ ስፔስ» በተባለ አነስተኛ ቲያትር ቤት ነው።

ሕጉን ሳያስረዱ ተውኔቱን ማስተማር አይቻልም። በ1952 የወጣው ሕግ ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር አፍሪካዊ ሁሉ ፎቶግራፉ፣ መለያ ቁጥሩና የአሠሪው ፊርማ ያለበትን የይለፍ ደብተር እንዲይዝ ያስገድድ ነበር። በከተማ ለመኖር በዚያው መወለድ፣ ወይም ለአንድ አሠሪ 10 ዓመት ያለማቋረጥ ማገልገል፣ ወይም በተከታታይ 15 ዓመት በሕጋዊ መንገድ ኖሮ መገኘት ያስፈልግ ነበር። ይህ የጎደለው ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ከ72 ሰዓት በላይ እንዲቆይ አይፈቀድለትም። በማርች 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል ፖሊስ 69 ሰዎችን የገደለው ይህንኑ ደብተር በመቃወም በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩሶ ነው። የይለፍ ሕጎቹ የተሻሩት በ1986 ነው። ፉጋርድ በ1958 በጆሃንስበርግ የይለፍ ጉዳይ በሚታይበት ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርቷልና፣ በደብተሩ ምክንያት ሰዎች በየደቂቃው ወደ ወኅኒ ሲላኩ በዓይኑ ተመልክቷል።

ታሪኩ አጭር ነው። ቀድሞ በፎርድ የመኪና ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ስታይልስ በፖርት ኤልዛቤት አጠገብ በኒው ብራይተን ፎቶግራፍ ቤት ከፍቷል። አንድ አዲስ ልብስ የለበሰ ባላገር ለሚስቱ የሚልከውን ፎቶግራፍ ሊነሣ ይመጣል፤ ስሙንም ሲጠየቅ «ሮበርት ዝዌሊንዚማ» ይላል፤ ሲናገር ግን ያመነታል። እውነተኛ ስሙ ሲዝዌ ባንሲ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ኪንግ ዊልያምስ ታውን እንዲመለስ በደብተሩ ላይ ማኅተም ተመትቶበታል። አንድ ሌሊት ከመጠጥ ቤት ሲመለሱ፣ ያስጠጋው ቡንቱ የተባለ ሰው በጨለማ የወደቀ ሬሳ ያገኛል። በሟቹ ኪስ የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ ያለበት ደብተር አለ። ቡንቱ የሁለቱን ደብተሮች ፎቶግራፎች ያለዋውጣል፤ ሲዝዌም በሞተ ሰው ስም ይኖራል።

የይለፍ ደብተሩ በዚህ ተውኔት የጭቆና «ምልክት» ብቻ አይደለም፤ ከሁለቱ ተዋንያን ቀጥሎ ሦስተኛ ገጸ ባሕርይ ነው ቢባል ያስደፍራል። ይናገራል፣ ያዛል፣ ያባርራል። ሰውየው ማንበብ ስለማይችል ስለ ራሱ የተጻፈውን ፍርድ የሚሰማው ከሌላ ሰው አፍ መሆኑ የበደሉን ጥልቀት ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ያሳያል። ለመምህራን ሳስገነዝብ የምወደው ይህን ነጥብ ነው፤ መሃይምነት እዚህ ላይ የሚታየው የሕጉ መሣሪያ ሆኖ ነው።

ለደብተሩ ተቃራኒ ሆኖ የቆመው የስታይልስ ፎቶግራፍ ነው። መንግሥት የሚያነሣው ፎቶግራፍ ሰውን ለመቆጣጠር ነው፤ ስታይልስ የሚያነሣው ግን ሰው እንደ ምኞቱ እንዲታይ ነው። ባላገሩ በአንድ እጁ ሲጋራ በሌላው ፒፓ ይዞ፣ የነገዋን ከተማ ከሚያሳይ ሥዕል ፊት ፈገግ ብሎ ይነሣል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ወደ ጉሮሮ ይመለሳል፤ ይህች ፈገግታ በመዝገብ ላይ የማትገኝ ሕይወት ናትና። ቀደም ሲል ስታይልስ ስለ አንድ 27 አባላት ስላሉት ቤተ ሰብ ይተርካል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ፎቶግራፍ ተነሥተው ሳይወስዱት ሽማግሌው አባት ይሞታሉ። ስለዚህም ፎቶግራፉና ሞት ከመጀመሪያው አንሥቶ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ሦስተኛው ተምሳሌት ስም ነው። በኮሳ ቋንቋ «ሲዝዌ» ሕዝብ ወይም አገር ማለት ሲሆን፣ «ባንዚ» የሚለው ደግሞ ሰፊ ማለት ነው። አርእስቱ እንግዲህ የአንድ ሰው መርዶ ይመስላል እንጂ የሕዝብ መርዶ ነው። የእኛ ሰው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል፤ እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ ስሙ ተቀብሮ ባለቤቱ ከመቃብር በላይ ቀርቷል። ኔልሰን ማንዴላም በ1962 ይዘውት የነበረው የኢትዮጵያ ፓስፖርት «ዴቪድ ሞትሳማዪ» በሚል ስም የተሰጠ እንደ ነበር እግረ መንገዱን ማንሣት ይቻላል። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ ማንዴላ ስማቸውን የሰወሩት ለትግል ነው፤ ሲዝዌ የጣለው እንጀራ ለመብላት ነው።

መጨረሻው ድል ነው ወይስ ሽንፈት? አንዳንድ ሐያስያን ተውኔቱ ሕጉን ማታለልን እንጂ መጣስን አያስተምርም ብለው ነቅፈውታል። ነቀፋው ሚዛን የሚደፋ አይመስለኝም። ሲዝዌ ራሱ ፖሊስ አሻራውን ከወሰደ ነገሩ ሁሉ እንደሚፈርስ ይናገራል፤ ጥቁር ሰው በዚያ አገር ከፖሊስ ርቆ ሊኖር እንደማይችልም ያውቃል። መፍትሔው ጊዜያዊ መሆኑን ተውኔቱ አልደበቀም። ይልቅስ የሚጎድለው የሚስቱ የኖዌቱ ድምፅ ነው፤ ደብዳቤው ለእርሷ ይጻፋል እንጂ እርሷ መድረክ ላይ አትወጣም። ባሏ በሕግ ሞቶባት በፎቶግራፍ ሲስቅላት ምን እንዳለች ተማሪዎች ራሳቸው ሊጽፉት የሚገባ ክፍል ነው።

ሦስቱ በ1973 ያቀረቡት «ደሴቱ» የተባለው ተውኔት በሮበን ደሴት የታሰሩ ሁለት ሰዎች የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» ለመጫወት ሲዘጋጁ ያሳያል። በዚያ እስር ቤት ይኸው ድርሰት በእውነት ተጫውቷል፤ ማንዴላም ክሬዎንን ሆነው ተሳትፈዋል። ካኒና ንትሾና በሁለቱ ተውኔቶች በ1975 በኒው ዮርክ የቶኒ ሽልማት ተሸለሙ፤ በ1976 ደግሞ በትራንስካይ «ሲዝዌ ባንሲ»ን ካሳዩ በኋላ ታሰሩ።

ለክፍል ሥራ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ካሜራ የሚመስል ሣጥንና ሁለት የተማሪ ደብተሮች ይበቃሉ። ሁለት ተማሪዎች የልውውጡን ትዕይንት በራሳቸው አነጋገር ይጫወቱ፤ አንደኛው የሌላውን ስምና ረጅም ቁጥር በቃሉ እስኪይዝ ይደጋግም። ከዚያም መምህሩ «ተምሳሌቱ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ፣ ልጁ በየትኛው ቅጽበት ደብተሩን ለመቀበል እጁን መዘርጋት እንደ ከበደውና ለምን እንደ ከበደው ይጠይቅ።