የሥራ ፍርድ ቤት ዳኛ ምን መፍቀድ ይችላል? ምንስ አይችልም?

በሽምግልና ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ የትኛው ምስክር እንደሚጠራ፣ ነገሩ ለመቼ እንደሚቀጠር የሚወስኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው። በእስራኤል ፍርድ ቤት ግን ይህ ሁሉ በጽሑፍ የተቀመጠ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን የሚያወጣው ማን ነው? ዳኛውስ ሊያላላው ይችላል? ከአሠሪያቸው ወይም ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ጋር ለሚከራከሩ ወገኖቻችን መልሱን ማወቅ ይጠቅማል።

ሥርዓቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ክነሴት የሚያወጣው ሕግ ነው። ሁለተኛው ሚኒስትር በሕጉ መሠረት የሚያወጣው ደንብ (ታካኖት) ነው። ለምሳሌ በመደበኛ ፍርድ ቤቶች ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ የሚሠራበትን የፍትሐ ብሔር ክርክር ደንብ ያወጣው የፍትሕ ሚኒስትር ነው። ሦስተኛው፣ ሕጉና ደንቡ ዝም ባሉበት ቦታ፣ ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው።

የሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት (ቤት ሃዲን ላአቮዳ) የተቋቋመው በ1969 በወጣ ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 33፣ በሕጉም በደንቡም ያልተጻፈ የአሠራር ጉዳይ ሲያጋጥም ፍርድ ቤቱ ፍትሕ ለመስጠት ይበጃል ባለው መንገድ እንዲሄድ ይፈቅድለታል። አንቀጽ 32 ደግሞ ከወንጀል ጉዳይ በቀር በማስረጃ ሕግ እንደማይታሰር ይናገራል።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ሳይከፈላት ቀረ እንበል። የሥራ ውል የላትም፤ ያላት ሰዓቷን የጻፈችበት ደብተርና ከኃላፊዋ የተላኩ የዋትሳፕ መልእክቶች ናቸው። ዳኛው እነዚህን ተቀብሎ ሊመዝን ይችላል። ተቀበለ ማለት ግን አመነ ማለት አይደለም። በሌላ በኩል አሠሪው የሰዓት መዝገብ ካላቀረበ፣ ክርክር በተነሳባቸው ሰዓቶች ላይ የማስረዳት ሸክሙ የአሠሪው እንደሚሆን የደመወዝ ጥበቃ ሕግ ይደነግጋል። ይህም በሳምንት እስከ 15፣ በወር እስከ 60 የትርፍ ሰዓት ድረስ ነው። ይህ የዳኛው ቸርነት ሳይሆን ክነሴት ያወጣው ሕግ ነው።

ዳኛው ክፍተት ይሞላል እንጂ ሕግ አይሽርም። ስለዚህ የጊዜ ገደብን “ዳኛው ይረዳኛል” ብሎ ማሳለፍ አደገኛ ነው። የቢቱዋሕ ሌኡሚን ውሳኔ ለመቃወም ክስ የሚቀርበው ደብዳቤው በደረሰ በ12 ወር ውስጥ ነው። በይግባኝ የሕክምና ኮሚቴ ውሳኔ ላይ ያለው ጊዜ ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። የአካባቢው የሥራ ፍርድ ቤት በሰጠው ፍርድ ላይ ኢየሩሳሌም ላለው ብሔራዊ የሥራ ፍርድ ቤት ይግባኝ ለማለት በአብዛኛው ያለው 30 ቀን ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ብቻ ሳይሆን ፖስታውንም አስቀምጡ፤ የደረሰበትንም ቀን ጻፉበት።

አባቶቻችን “ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር” ይላሉ። ዳኛው ያልተጠየቀውን አያውቅም። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ፣ በሕመም ምክንያት ቀጠሮ እንዲዛወር ከፈለጋችሁ፣ አሠሪው በእጁ ያለውን ሰነድ እንዲያቀርብ ከፈለጋችሁ፣ ከቀጠሮው ቀን በፊት በጽሑፍ ጥያቄ (ባካሻ) አስገቡ። የመዝገቡን ቁጥር (ሚስፓር ቲክ) ጻፉበት፤ ምክንያቱን በአጭሩ ግለጹ፤ ማስረጃ ካለ አያይዙ፤ ቅጂውንም በእጃችሁ አስቀሩ። ጥያቄ ማስገባት ብቻውን ቀጠሮውን አያዛውርም። ዳኛው “ተፈቅዷል” እስካላለ ድረስ በቀጠሮው ቀን ተገኙ፤ ከሳሹ ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌላቸው ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ድጋፍ ክፍል (ሲዩዓ ሚሽፓቲ) ማመልከት ይችላሉ። ክሱ በቢቱዋሕ ሌኡሚ ላይ ከሆነ የገቢ መጠን መመዘኛ አይደለምና፣ “ደመወዝ ስላለኝ አይሰጡኝም” ብላችሁ ሳትጠይቁ አትቅሩ።