«ገብቷችኋል?»፦ የክፍል ውስጥ ማስተማር ዳሰሳ

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ «ገብቷችኋል?» ይላል። ክፍሉም በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል፤ ያልገባውም ልጅ አብሮ ይጮኻል። ጎበዝ መምህር ይህን መልስ አያምንም።

ይህ አለማመን በአገራችን የቆየ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ የሚማር ልጅ መምህሩ ፊት ቀርቦ ለብቻው ያነባል፤ ቀድሞ የተማረው ጀማሪውን ያስጠናል። ቅኔ ቤት የገባ ደግሞ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ያሰማል፤ ስሕተቱ እዚያው ይታረማል። በአንጻሩ ትርጉሙን ሳያውቁ መሸምደድና አርጩሜም ነበሩበት።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከተከፈተ ወዲህ የተስፋፋው ዘመናዊ ትምህርት ሽምደዳውንና አርጩሜውን ይዞ፣ ልጁን ለብቻው ማድመጡን በአመዛኙ ተወው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ዱላው ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ዱላ የሚፈራ ልጅ ደግሞ አይጠይቅም።

ሌላው ልማድ ኖት ማስገልበጥ ነው። መጽሐፍ በማይዳረስበት ክፍል ኖት ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ሲወስድ ነው። በ1990ዎቹ የመጣው፣ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ቤተ ሙከራ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ሙከራ አሳይቷል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም በእኩል ፍጥነት ስለሚነጉድ፣ ቆም ብሎ «የቱ ጋ ጠፋህ?» ማለት አልቻለም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን በየዓመቱ ሳይገባቸው «አዎ» እያሉ ያለፉ ልጆች እዚያ ፈተና ላይ መድረሳቸው አይቀርም።

መፍትሔው ሁልጊዜ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አስተዋለች፤ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ መልሱ ረዘመ፣ የሚሳተፈውም ተማሪ በዛ። የቡድን ሥራም ለእያንዳንዱ ድርሻ ሲሰጠው ያስተምራል፤ አለዚያ አንዱ ሠርቶ ሌላው ይገለብጣል። ከመውጫው ደወል በፊት አንዲት ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ማሠራት ደግሞ ለመምህሩ የነገውን መነሻ ይሰጠዋል።

«ገብቷችኋል?» የሚለው ጥያቄ «እስቲ ሠርታችሁ አሳዩኝ» በሚል ሲተካ፣ ያልገባው ልጅ በጩኸቱ ውስጥ መደበቁ ይቀራል፤ መምህሩም ያገኘዋል።