ምዕራፍ ስድስት፦ ብጣሽ፣ ድሪቶና የአሻንጉሊት ብርድ ልብስ

ደጀን ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ የበረሃውን ወበቅ ጨርሶ ዳገቱን ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀበለው የደጋው ነፋስ ነው። እንዲህ ባለ አገር ልብስ መደራረብ ሁሉም ሰው ከልጅነቱ የሚማረው ዕውቀት ነው። ትንሽ ልጅም ብትሆን አሻንጉሊቷን ስታስተኛ ቀድማ የምትፈልገው ምግብ ሳይሆን የምታለብሳትን ነገር ነው። ከእናቷ ነጠላ ጫፉን ትጎትታለች፣ ካልሆነም ከቤቱ ጥግ ያገኘችውን እራፊ ትሸፍንባታለች። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ ከብጣሽ ጨርቅ ተቀጣጥሎ የተሰፋ የአሻንጉሊት ብርድ ልብስ ለልጅ ቢሰጥ የማያሳፍር፣ በራሱ የተሟላ ስጦታ ነው፤ መርፌ ለሚጀምር እጅም ከእሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ይህን ስል ወዲያው የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ብጣሽ በብጣሽ ላይ የተሰፋ ነገር በእኛ ዘንድ ድሪቶ ነው፤ ድሪቶ ደግሞ የድሀ ልብስ ነው። ሰው የሚወደውን ልጅ በዓል ጠብቆ ድሪቶ ይሸልማል ወይ? የተቃውሞው ሥር የኑሮ ትዝታ ነውና ማቃለል አይገባም። ድሪቶ ለብሰው ያደጉ ሰዎች ለልጆቻቸው አዲስ ነገር መመኘታቸው ትክክል ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የችግር ጥገናና የሐሳብ ቅንብር ተቀላቅለዋል። ያለቀ ልብስ ላይ፣ የተገኘው ጨርቅ በተገኘበት ቦታ ሲጣፍ አንድ ነገር ነው፤ ቀለሙ ተመርጦ፣ ልኩ ተሰልቶ፣ ማዕዘኑ ከማዕዘን ጋር ገጥሞ ሲሰፋ ደግሞ ሌላ። ሁለቱን የሚለያቸው የጨርቁ ዋጋ ሳይሆን የሠሪው አሳብ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎጃም የብራና አገር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅም ለደጀን ሩቅ አይደሉም። ብራና ሲፋቅ አንዳንዴ ይበሳል ወይም ይቀደዳል። የብራና ሠሪው ቆዳውን አይጥለውም፤ ቀዳዳውን በክር ወይም በጅማት ይሰፋዋል፣ ጸሐፊውም ፊደሉን በስፌቱ ዙሪያ አሳልፎ ይጽፋል። በዚህ ምክንያት መጽሐፉን የናቀው ሰው የለም። ከዚህ የበለጠ ጉዳያችንን የሚነካ ነገር አለ። በቆዳ የተለበጡ የብዙ ጥንታዊ መጻሕፍት የእንጨት ገበታ በውስጥ በኩል ሲገለጥ፣ መካከሉ ላይ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎ ይገኛል፤ አበባ ያለበት የባሕር ማዶ ጥጥ ወይም ሐር። ያች ብጣሽ የተገኘችው ከትልቅ ጨርቅ ትራፊ ነው፤ የተቀመጠችው ግን ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ፣ ለክብር ነው። ስለዚህ ብጣሽን በቦታው አስቀምጦ ማክበር ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም፤ አባቶቻችን በመጽሐፍ ላይ ያደረጉትን እኛ በልጅ መጫወቻ ላይ እናድርገው ማለት ነው።

በሌላው ዓለምም የተናቀው ነገር ሲከበር ታይቷል። በአሜሪካ የአላባማ ክፍለ ግዛት፣ ወንዝ በሦስት በኩል በከበበው ጂስ ቤንድ በሚባል መንደር፣ በባርነት የኖሩ ሰዎች የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ካለቀ የእርሻ ሱሪና ሸሚዝ ለብርድ መከላከያ ሲሰፉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታየ፤ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ለእኛ የሚቀርቡት ግን የህንዶቹ ሲዲዎች ናቸው። ዘራቸው ከአፍሪካ የሚመዘዝ፣ በካርናታካ ክፍለ ግዛት የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ሴቶቻቸው ካዋንዲ የሚባል ብርድ ልብስ ከአሮጌ ልብስ ቁራጮች ይሰፋሉ። ከዳር ጀምረው፣ ዙሪያውን እየዞሩ ወደ መሀል ይገባሉ። አራቱ ማዕዘኖች ላይ በአበባ ስም የሚጠሯቸውን እጥፍ ብጣሾች ያኖራሉ፤ ያለ እነሱ ብርድ ልብሱ እርቃኑን ነው ይላሉ። ድህነት ጨርቁን መርጦላቸው ሊሆን ይችላል፤ እነዚያን አበቦች ግን የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ብርድ ልብሱ ሦስት ንብርብር አለው፦ ላይ የሚታየው የተቀጣጠለ ፊት፣ መሀል የሚገባው ሙሌት፣ ከታች ደግሞ ገበር። የሚያሞቀው ክሩ ሳይሆን በንብርብሮቹ መካከል ታስሮ የሚቀር አየር ነው፤ ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ የሚሠራበትም ምክንያት ይኸው ነው። ጨርቁ ከልብስ ሰፊ ዘንድ ይገኛል። የደንብ ልብስ ወይም ቀሚስ ሲቆረጥ ከማሽኑ ሥር የሚወድቀው ብጣሽ ብዙ ጊዜ ተጠርጎ የሚጣል ነው፤ ጨዋ ሰላምታና ጥያቄ ይበቃዋል። ከሰልባጅ ገበያ የተገዛ፣ አንገቱና ክርኑ ያለቀ ሸሚዝም ጀርባው ላይ ደህና ጨርቅ ይኖረዋል። የጥጥ ጨርቅ ይመረጣል፤ ሹራብና ማንኛውም የሚለጠጥ ነገር ጀማሪን ያደክማልና ይቅር። ጂንስና ካኪ ከስስ ሸሚዝ ጋር አይጣመሩ፤ ወፍራሙ ቀጭኑን ጎትቶ ይቀደዋል። ሁሉም ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ፣ ሳይታጠብ የተሰፋ ሥራ በኋላ ይኮማተራል። ቀዩንና ጥቁሩን በረጠበ ነጭ እራፊ እሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ልኩ እንዲህ ነው። 16 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ በሁሉም ጎኑ 12 ሴንቲ ሜትር። በየጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ስለሚገባ፣ አራት በአራት ሆነው ሲገጣጠሙ ፊቱ 42 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከገበሩ ጋር ሲሰፋ ደግሞ 40 በ40 ላይ ያርፋል። ለአሻንጉሊት ይህ በቂ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው ስፌቱ ላይ ሳይሆን እዚህ፣ አቆራረጡ ላይ ነው። ጨርቅ ድርና ማግ አለው፤ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ የተቆረጠ ቁራጭ ቅርፁን ይይዛል፣ በሰያፍ የተቆረጠ ግን ሲነኩት ይለጠጣል፣ ካሬው ሳይታወቅ ይጣመማል። አቅጣጫውን ለማግኘት ከጠርዙ አንድ ክር በመርፌ ጫፍ አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ክሩ ሲወጣ ጨርቁ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀጥ ያለ መስመር ትቶ ይሄዳል። በዚያ መስመር ቁረጡ። ለቀሪው ከጠንካራ ካርቶን አንድ የ12 ሴንቲ ሜትር መለኪያ ይበቃል። ጥቁር ጨርቅ ላይ ለማስመር የደረቀ የሳሙና ስባሪ ከእርሳስ ይሻላል፤ በውሃ ይለቃል።

ቁራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ ደማቁን ከደብዛዛው እያፈራረቃችሁ ደርድሩና ጥቂት ራቅ ብላችሁ እዩ። ሁሉም ደማቅ ሲሆን ዓይን ማረፊያ ያጣል። ከዚያ በየረድፉ አራት አራቱን፣ ፊትና ፊታቸውን ገጥማችሁ ስፉ፤ ቀጥሎ ረድፎቹን እርስ በርስ። የስፌቱን ጠርዝ በአንደኛው ረድፍ ወደ ቀኝ፣ በቀጣዩ ወደ ግራ አጥፋችሁ በካውያ ተኩሱት፤ ሁለቱ ረድፎች ሲገናኙ ጠርዞቹ ተቃራኒ ስለሚሆኑ አንዱ አንዱን ተደግፎ ማዕዘኑ በትክክል ይገጥማል። ለእኔ የዚህ ሙያ ውበት ሁሉ እዚህች ነጥብ ላይ ነው፤ አራት የተለያዩ ልብሶች በአንድ የመርፌ ጫፍ በምትሞላ ቦታ ሲገናኙ። ባይገጥም ፍቱት፤ አጭር ስፌት ነውና መፍታቱ አያስለቅስም። ፊቱ ሲያልቅ ከገበሩ ጋር የሚታየውን ጎን ከሚታየው ጎን አገናኝታችሁ ሙሌቱን ከላይ አንጥፉ፤ እጅ የሚያስገባ ቦታ ትታችሁ ዙሪያውን ስፉ፣ ማዕዘኖቹን በትንሹ ከርክሙ፣ ገልብጡ፣ ክፍቱን በስውር ስፌት ዝጉ።

ለሙሌት የሳሳ ጋቢ ቁራጭ ከሁሉ ይቀላል፤ አይንሸራተትም። ባዘቶ መጠቀም የሚፈልግም ይችላል፤ ይሞቃል፣ ይለሰልሳል። ግን ባዘቶ ካልታሰረ ሲታጠብ ተጠቅልሎ አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ሦስቱን ንብርብር የሚያያይዝ ተራ ስፌት በየካሬው ዙሪያ፣ ባዘቶ ከሆነም በየካሬው መሀል ጭምር ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ ማጥበቅ ደግሞ አየሩን ያስወጣዋል፣ ብርድ ልብሱም ተጠፍጥፎ እንደ ምንጣፍ ይደርቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜና የዋጋ ነው። ሱቅ ውስጥ በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ ለስላሳ ነገር እያለ ምሽት ማባከን ለምን? መልሱን በስሌት ላሳይ። የቁራጮቹና የዙሪያው ስፌት ሲደመር አራት ሜትር ከግማሽ የማይሞላ ነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ሦስት ስፌት ቢገባ፣ አንድ ጀማሪ ይህን ሥራ ሲጨርስ ከአንድ ሺህ በላይ ጊዜ መርፌ አስገብቶ አውጥቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ረድፍ የተንጋደደ ይሆናል፤ የመጨረሻው ቀጥ ብሎ ይታያል። ይህ እጅ ከዚያ በኋላ ቁልፍ ይተክላል፣ ጫፍ ይዘመዝማል፣ የተተረተረ ኪስ ይጠግናል። የተገዛው ዕቃ ይህን አይሰጥም። ታዲያ ለምን የትልቅ ሰው ብርድ ልብስ አይሰፋም የሚል ካለ፣ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ በዚሁ ልክ 300 ካሬ ይፈልጋል፤ ጀማሪው አርባኛው ላይ ሰልችቶት ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ትንሹ ሥራ የሚመረጠው የሚያልቅ ስለሆነ ነው። የሥራን ፍጻሜ ያየ ሰው ሌላ ይጀምራል።

ሥራውን የሴት ልጅ ብቻ አድርጎ ማየትም ስሕተት ነው። በአገራችን ጥጡን የምትፈትለው ሴት ብትሆንም ሸማውን የሚሠራው በአብዛኛው ወንድ ነው፤ በየከተማው በረንዳ ላይ ማሽን የሚረግጡት ልብስ ሰፊዎችም ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ወንድ ልጅ ለታናሽ እኅቱ ቢሰፋ ከልማዳችን የወጣ ነገር አላደረገም።

ስለ ደኅንነት ግን ጥብቅ መሆን ይገባል። ለትናንሽ ልጆች በሚሰጥ ሥራ ላይ ቁልፍ፣ ጨሌ ወይም ሊነቀል የሚችል ማንኛውም ጌጥ አይሰፋም፤ ወደ አፍ ይገባልና። በእስፒል ያያዘ ሰው እስፒሎቹን ቆጥሮ ያስገባ፣ ቆጥሮም ያውጣ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በሚተኛበት ቦታ ይህን ብርድ ልብስ አታስቀምጡ፤ ፊቱ ላይ ቢወድቅ ማንሣት አይችልም።

ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ ሥራው በነሐሴ መጀመር አለበት። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ክረምቱም ልጆችን ከቤት ያውላቸዋል፤ ልብስ ሰፊዎችም ለአዲሱ ዓመት የሚሰፋው የደንብና የበዓል ልብስ ስለሚበዛባቸው ብጣሽ በብዛት የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። አሥራ ስድስቱን ቁራጭ ሰብስቡና ከአንድ ልጅ ጋር ተቀመጡ፤ የመጀመሪያውን ረድፍ እናንተ ስፉ፣ ሁለተኛውን ለልጁ ተዉለት።